ስድስት ቀን፣ አምስት ጨዋታ፦ የሴዋኒ ቡድን የ1899 የባቡር ጉዞ

ሴዋኒ በቴነሲ ግዛት፣ በካምበርላንድ አምባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 580 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ሳውዝ የሚገኘው እዚያ ነው። በ1899 መኸር የዚህ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከአምባው ወርዶ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ተጓዘ፤ ከኖቬምበር 9 እስከ 14 ባሉት ስድስት ቀናት አምስት ጨዋታ ተጫውቶ አምስቱንም አሸነፈ። ጠቅላላ ውጤቱ 91 ለ 0 ነው። (ቀንና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ጊዜው የ1892 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።)

ታሪኩ ሲነገር ስለ ተጫዋቾቹ ጉልበት ብቻ ይወራል። ጉልበታቸውን የሚክድ የለም። ሆኖም የጨዋታውን ሕግና የባቡሩን መስመር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ላየው፣ ይህ ጉዞ ከምንም በላይ የዝግጅት ሥራ ነው፤ አንዷ ባቡር ብታመልጥ ሁሉም ይፈርስ ነበር። እያንዳንዱን ቀን በየተራው የምንከተለውም ለዚህ ነው።

ከጉዞው በፊት

መነሻው ገንዘብ ነው። ሴዋኒ ከናሽቪሉ ቫንደርቢልት ጋር በየዓመቱ የሚያደርገው ጨዋታ ብዙ ተመልካች የሚያመጣ፣ የቡድኑን ወጪ የሚሸፍን ነበር። በ1899 ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በሜዳ ገቢ አከፋፈል ሳይስማሙ ቀሩና ጨዋታው ተሰረዘ። ጉድለቱን የመሙላት ጣጣ የወደቀው በቡድን መሪው በሉክ ሊ ላይ ነው። ሊ ያኔ ገና የ20 ዓመት ተማሪ ነው። በኋላ ቴነሲን ወክሎ የአሜሪካ ሴኔት አባል ሆኗል፤ በጃንዋሪ 1919 ደግሞ ጥቂት ወታደሮች ይዞ ሆላንድ የተጠጋውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ይዞ ለማምጣት ሞክሯል። ነገር ሲያስብ በትንሹ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን እንግዳ ቡድን የሚመጣው አስተናጋጁ የተወሰነ ገንዘብ ቃል ሲገባለት ነበር። ለአንድ ጨዋታ ብቻ ከቴነሲ እስከ ቴክሳስ መሄድ ኪሳራ ነው፤ የባቡሩ ወጪ የሚከፈለውን ገንዘብ ይውጠዋል። ወጪው ለአምስት አስተናጋጆች ከተካፈለ ግን ትርፍ ይኖረዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ጉዞው በረዘመ ቁጥር የምግብና የማደሪያ ሂሳብ ይጨምራል፣ ተማሪዎቹም ከትምህርታቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ጨዋታዎቹ መጠጋጋት፣ ሌሊቱም ለመንገድ መዋል አለበት። ባለ አልጋ የፑልማን ፉርጎ መከራየት ሁለቱን በአንድ ይፈታል፤ የቲኬቱ ገንዘብ የአልጋም ገንዘብ ይሆናል።

የከተሞቹ ቅደም ተከተል ሊደነቅ ይገባዋል። መጀመሪያ ሩቁ ኦስቲን፣ ከዚያ እየቀረቡ መምጣት። ከኦስቲን ሂውስተን 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለአንድ ሌሊት የሚበቃ። ከሂውስተን ኒው ኦርሊንስ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሳውዘርን ፓሲፊክ መስመር በቀጥታ ያደርሳል። ኒው ኦርሊንስ፣ ባተን ሩዥና ሜምፊስ ደግሞ ሦስቱም የሚገኙት በአንድ ሐዲድ ላይ፣ ሚሲሲፒን ተከትሎ ወደ ሰሜን በሚወጣው የያዙ ኤንድ ሚሲሲፒ ቫሊ መስመር ነው። መንገዱ ራሱ ወደ ቤት ይመልሳቸዋል።

ቡድኑ ሳይፈተን አልወጣም። ኦክቶበር 21 አትላንታ ላይ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን 12 ለ 0፣ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ጆርጂያ ቴክን 32 ለ 0 አሸንፏል። በራሱ ሜዳ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን 46 ለ 0፣ ኖቬምበር 3 ደግሞ ሳውዝዌስተርን ፕሬስቢቴሪያንን 54 ለ 0 ረቷል። የአትላንታው የሁለት ጨዋታ ጉዞ ለትልቁ ጉዞ ልምምድ ሆኗል ማለት ይቻላል። አሠልጣኙ ከፕሪንስተን የመጣው ቢሊ ሱተር፣ አምበሉ ሄንሪ ሲብልስ ነው። ኦርመንድ ሲምኪንስ ከኋላ ሆኖ ኳስ በረጅሙ የሚለጋ፣ ዋርብለር ዊልሰን ኳርተርባክ (ኳሱን ተቀብሎ ለሯጮቹ የሚያቀብል)፣ ሬክስ ኪልፓትሪክ ሯጭ፣ ባርትሌት ሲምስ ደግሞ ከታችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ከማስነካት) በኋላ ግብ የሚመታ ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

ከሴዋኒ ይወርድ የነበረው ሐዲድ መጀመሪያ የተዘረጋው ለድንጋይ ከሰል ነው። ቁልቁለቱ ከባድ በመሆኑ ሰዎች መስመሩን «የተራራ ፍየል» ይሉት ነበር። ካወን ላይ ከዋናው መስመር ጋር ይገናኝ ነበር።

ከዕቃው ሁሉ የሚጠቀሰው ውኃው ነው። ከሴዋኒው የትሬምሌት ምንጭ የተቀዳ ሁለት በርሜል ውኃ አብሯቸው ተጭኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየከተማው አዲስ ውኃ መጠጣት ሆድ ያውካል፤ በዚያ ዘመን የተስቦ በሽታም የሚጠረጠረው ከውኃ ነበር። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ተቅማጥ ቢይዘው ቡድኑ አለቀለት ማለት ነው። አንዱ በርሜል 120 ሊትር ያህል ይይዛል ብንል፣ ሁለቱ 240 ሊትር ናቸው፤ ለ20 ሰው፣ ለስምንት ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ለመጠጥ ብቻ ከዋለ የሚያብቃቃ ነው፤ ለመታጠቢያ የሚተርፍ የለውም።

የተረሳው ደግሞ ጫማው ነው። የመጫወቻ ጫማዎቹ የታሸጉበት ዕቃ ሳይጫን ቀረ፤ ይህ የታወቀው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። የዘመኑ ታኬታ ጫማ ቆዳ ሲሆን፣ ሶሉ ላይ ተደራርቦ በሚስማር የተመታ የቆዳ ጥርስ አለው። ያለዚያ ጥርስ መስመር ላይ የሚገፋ ተጫዋች ሣሩ ላይ ይንሸራተታል። ገዝቶ መተካትም ከባድ ነው፤ ጥቂት ቀን ያልተለማመዱት አዲስ ቆዳ ተረከዝ ይልጣል። ሊ ቴሌግራም አስመታ፣ ጫማው በሚቀጥለው ባቡር ተከትሎ ከጨዋታው በፊት ደረሰ። ቴሌግራፍ ባይኖር የኦስቲኑ ጨዋታ በተራ ጫማ ይሆን ነበር።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ። የፑልማን ፉርጎ ቀን ቀን ፊት ለፊት የተገጠሙ መቀመጫዎች አሉት፤ ማታ መቀመጫዎቹ ተስበው የታችኛው አልጋ ይሆናሉ፣ የላይኛው ከጣሪያው ሥር ተከፍቶ ይወርዳል፣ መጋረጃ ይጋረዳል። ለረጅም ሰው እግር መዘርጊያ ይጠባል። ቀን ሙሉ የተቀመጠ ጡንቻ ይተሳሰራል፤ መድኃኒቱ ባቡሩ ውኃና ከሰል ለመጫን በቆመ ቁጥር ወርዶ መሮጥ ነው። የሚሳሳት ቡድን ስንፍናውን ዕረፍት ብሎ ይጠራና ሜዳ ላይ ደንድኖ ይወርዳል።

ወጌሻቸው ካል በሮውስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የወጌሻ ሥራ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ነው፤ በአልኮልና በአርኒካ (ለቁስልና ለጡንቻ በሚቀባ የዕፅ መድኃኒት) ማሸት፣ በሙቅ ጨርቅ መተኮስ፣ የተላጠውን በፕላስተር ማሸግ። ቡድኑ ያቋረጣቸው ግዛቶች ሁሉ ጥቁርና ነጭ መንገደኛን በተለያየ ፉርጎ የሚያስቀምጥ ሕግ ነበራቸው፤ የሉዊዚያናውን የ1890 ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው ከዚህ ጉዞ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1896 ነው። አንድም ጥቁር ተማሪ በነዚህ ቡድኖች ውስጥ አይጫወትም ነበር። በየሌሊቱ ያንን ሁሉ እግር ለማግስቱ ያዘጋጀውን ሰው ስም ሳያነሱ ይህን ጉዞ መተረክ ጉድለት ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9፦ ኦስቲን፣ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ 12 ለ 0

የዛሬውን የአሜሪካ እግር ኳስ በቴሌቪዥን ያየ ሰው የ1899ኙን ቢያይ ግራ ይገባዋል። ሜዳው 110 ያርድ፣ ማለትም 100 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ጨዋታው ሁለት አጋማሽ ሲሆን እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው፤ አምበሎቹ ከተስማሙ ያሳጥሩታል። ኳስን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። በሦስት ሙከራ 5 ያርድ መግፋት ያቃተው ቡድን ኳሱን ያስረክባል። ታችዳውን 5 ነጥብ፣ ከዚያ የሚመታው ግብ 1፣ በጨዋታ መሐል የሚመታ የሜዳ ግብም 5 ነው። የወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም።

የመጨረሻው ሕግ ይህን ጉዞ ለመረዳት ዋናው ነው። የደከመን ሰው አሳርፎ መመለስ ስለማይቻል፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በማጥቃትም በመከላከልም ሜዳ ላይ ይውላል፤ ጉዳቱን ይደብቃል፣ አምበሉም ቢያይ እንዳላየ ይሆናል። ብዙ ተቀያሪ ይዞ መጓዝም ጥቅሙ ትንሽ ነው። የዛሬ የኮሌጅ ቡድን ለአንድ ጨዋታ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያኔ ለብዙ ቡድን ይበቃል።

በኳስ ያዡ ላይም ሕጉ ጨካኝ ነበር። የተያዘ ሯጭ ቆሟል የሚባለው ወደ ፊት መሄድ ሲያቅተው ወይም ራሱ «ዳውን!» ብሎ ሲጮህ ነው። እስከዚያ ድረስ ጓደኞቹ ከኋላ ይገፉታል፣ ከፊት ይጎትቱታል፤ ተቃራኒዎቹም በተራቸው ይቆለሉበታል። ለጭንቅላት የሚሆነው ከቆዳ የተሠራ ለስላሳ ቆብ ነው፤ እሱንም የማያደርጉት ብዙ ናቸው። ጭናቸው ላይ የተደፈነ ወፍራም የሸራ ሱሪ፣ ከላይ የሱፍ ሹራብ ወይም የሸራ ጃኬት፣ በቃ።

ቴክሳስ ከመንገዱ ተጋጣሚዎች ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ሊ ይህን ጨዋታ በመጀመሪያው ቀን ማድረጉ ልክ ነበር፤ ከባዱን ትኩስ እግር ይዞ መጨረስ ይሻላል። አምበሉ ሲብልስ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ በፕላስተር ታሽጎ መጫወቱን ቀጠለ፣ ሁለቱንም ታችዳውን ያገባው እሱ ነው። ሁለት ታችዳውን፣ ሁለቱም ግብ ተመትተው፣ 12 ነጥብ።

ግቧ ቀላል እንዳትመስል። መቺው የሚመታው ኳሱ መሬት ከነካበት ቦታ ትይዩ ወደ ሜዳው ወጥቶ ነው። ታችዳውኑ ጥግ ላይ ከሆነ የምቱ ማዕዘን ይጠባል። ስለዚህ ብልህ ሯጭ መስመሩን ካለፈም በኋላ ወደ መሐል ለመቅረብ ይሞክራል። አንዱ ሆዱ ላይ ተኝቶ ኳሱን በእጁ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል፤ የያዡ ጣት አስቀድሞ መሬት ካስነካው ተከላካዮቹ ወደ መቺው ይሮጣሉ፣ ምቱም ይከሽፋል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 10፦ ሂውስተን፣ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር፣ 10 ለ 0

ሌሊቱን ተጉዘው በማግስቱ ሜዳ ገቡ። በጉዞው ሁሉ ትንሹ ነጥብ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀን ላይ የሚያስቸግረው ቁስል ብቻ አይደለም፤ ልብሱም ነው። በላብ የራሰ ሱፍና ሸራ በተዘጋ ፉርጎ ውስጥ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። እርጥቡን መልሶ የለበሰ ሰው ብብቱና የጭኑ ውስጥ ይላጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሩጫው ይበላሻል። የራሰ ቆዳ ጫማ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ይኮማተራል፣ ጥርሱን የያዘው ሚስማርም ይላላል። ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ራቅ አድርጎ ማድረቅ ነው የሚሻለው፤ ይህ ደግሞ ሌሊት ነቅቶ ጋዜጣውን የሚቀይር ሰው ይፈልጋል።

በእንዲህ ያለ ቀን የሲምኪንስ እግር ዋጋው ይታያል። ያኔ ሦስት ሙከራ ብቻ ስላለ፣ ከራሱ ግብ የቀረበ ቡድን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሙከራ ኳሱን በረጅሙ ለግቶ መገላገል ልማድ ነበር። ለደከመ ቡድን ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ተጋጣሚ ከሩቅ ተነስቶ በየ5 ያርዱ እየታገለ ሲመጣ ጉልበቱን የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ሴዋኒ መከላከሉ እስከጸና ድረስ ይጠብቃል። አምስት ጨዋታ ሙሉ አንድም ነጥብ ያልገባበት ቡድን፣ ይህን ስልት ለመጠቀም የሚያስችል መከላከያ ነበረው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 11፦ ኒው ኦርሊንስ፣ ከቱሌን ጋር፣ 23 ለ 0

የሌሊቱ መንገድ ከእስከ አሁኑ ይረዝማል። ኒው ኦርሊንስ አጠገብ ሚሲሲፒን የሚሻገር የባቡር ድልድይ የተሠራው በ1935 ነው፤ ከምዕራብ የሚመጣ ባቡር ፉርጎዎቹ እየተፈቱ በመርከብ ይሻገሩ ነበር። መዘግየት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ላለው ቡድን ደግሞ ጠዋት የጠፋ ሁለት ሰዓት ምሳና መታሸትን ያሳጣል።

የከተማዋ ነዋሪዎች የሚጠጡት በአብዛኛው በየግቢው በጋን የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነበር። የትሬምሌት በርሜሎች ከሁሉ በላይ የጠቀሙት እዚህ መሆን አለበት።

የጡንቻ ሕመም ከከባድ ሥራ በኋላ የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሐሙሱ ድካም ከዓርቡ ጋር ተደርቦ ጫፍ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው ማለት ነው። በዚያ ቀን 23 ነጥብ ማግባት ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ቱሌን ከቴክሳሶቹ ይቀልል ነበር፣ የሴዋኒ ልጆችም ደረጃ መውጣት በሚያምበት ቀን መሮጥ ይችሉ ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 12

ጨዋታ የለም። ያለዚህ ቀን የቀሩት ሁለቱ ጨዋታዎች በዚህ ውጤት ያልቃሉ ብሎ ማመን ይከብዳል። ልብስ የሚደርቅበት፣ የተፈነከተ የሚጠግግበት፣ እንቅልፍ የሚሞላበት ብቸኛው ቀን ነው። ቀጣዩ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ሌሊቱም ሰላም ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13፦ ባተን ሩዥ፣ ከሉዊዚያና ግዛት ዩኒቨርሲቲ (ኤል ኤስ ዩ) ጋር፣ 34 ለ 0

የጉዞው ሰፊ ውጤት። የእሑዱ ዕረፍት ምን እንደሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14፦ ሜምፊስ፣ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ 12 ለ 0

ከባተን ሩዥ ሜምፊስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም ጨዋታ ተጫውቶ፣ በአንድ ሌሊት። መርሐ ግብሩ ላይ ስጋት የነበረው ይህ መንገድ ነው። ባቡሩ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 15 ሰዓት ይፈጃል፤ ሰኞ ማታ ከተነሱ ከቀትር በፊት መድረስ ይቻላል፣ ግማሽ ቀን ቢዘገዩ ግን ጨዋታው ከነገንዘቡ ይቀራል። ደረሱ፣ ተጫወቱ፣ አሸነፉ። ውጤቱ ከኦስቲኑ ጋር አንድ ነው።

በአምስቱም ጨዋታ ሙሉው 70 ደቂቃ ቢጫወት 350 ደቂቃ ይሆናል፤ የወጣ በማይመለስበት ሕግ፣ በሁለቱም ወገን፣ ያለ ጠንካራ መከላከያ ቆብ። የዚህ ዋጋ የኋላ ኋላ ተከፍሏል። ሲምኪንስ በጨዋታ ዘመኑ የደበቃቸው የእግር ጉዳቶች አገርሽተው ሁለቱም እግሮቹ ተቆርጠዋል። እነዚያን አምስት ድሎች በኩራት የሚያነሳ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንሳት አለበት።

ወደ አምባው፣ ከዚያም እስከ ዓመቱ ፍጻሜ

ከሜምፊስ ቤት 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተመልሰው ሳምንት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 20፣ ሜዳቸው ላይ ካምበርላንድ ዩኒቨርሲቲን 71 ለ 0 አሸነፉ።

የዓመቱ እውነተኛ ፈተና የመጣው ኖቬምበር 30 ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ላይ፣ ከኦበርን ኮሌጅ ጋር ነው። የኦበርን አሠልጣኝ ጆን ሃይስማን ነበር፤ በኋላ ኳስን ወደ ፊት መወርወር እንዲፈቀድ አጥብቆ የተሟገተው ሰው። ልጆቹ አንዱ ሙከራ እንዳለቀ ወዲያው ተሰልፈው የሚቀጥለውን ይጀምራሉ፤ ተከላካይ ትንፋሽ አያገኝም። ለብዙ ሳምንት ማንም ያልነካው የሴዋኒ መስመር የተከፈተው በዚህ ፍጥነት ነው፤ ኦበርን 10 ነጥብ አገባ። ሴዋኒ 11 አግብቶ በአንድ ነጥብ ተረፈ። ከታችዳውን በኋላ የምትመታዋ ባለ አንድ ነጥብ ግብ ምን ያህል እንደምትመዝን ለመረዳት ይህን ውጤት ማየት ይበቃል፤ ሁለት ታችዳውንና አንድ ግብ 11፣ ሁለት ታችዳውን ያለ ግብ 10።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 2፣ አትላንታ ላይ ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጫውተው ዓመቱን ዘጉ። ታችዳውን አልነበረም፤ ኪልፓትሪክ የመታት የሜዳ ግብ፣ ያኔ እንደ ታችዳውን 5 ነጥብ የምትቆጠረው፣ ለ5 ለ 0 በቃች። የዓመቱ ድምር 12 ጨዋታ፣ 12 ድል፣ 322 ለ 10።